የአፍሪካን እግር ኳስ የመሩት ኢትዮጵያዊ፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሥራ ታሪክ

በጀሞ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል አንዲት ባዶ ቦታ የተገኘች እንደ ሆነ ልጆች ሁለት ድንጋይ ተክለው ጎል ሳያደርጓት አይቀሩም። ጀሞ አንድም ሆነ ሁለት ወይም ሦስት፥ ነገሩ ያው ነው። የሚጫወቱትም ልጆች የታላላቅ ተጫዋቾችን ስም፥ የማሊያቸውን ቍጥርና የተሸጡበትን ዋጋ ሳይቀር በቃላቸው ይወጡታል። ነገር ግን ጨዋታውን ያደራጀው ማን ነው? አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ላይ የራስዋ ቦታ እንዲኖራት የተከራከረው ማን ነው? ተብለው ቢጠየቁ መልስ የሚሰጠው ጥቂት ነው። በልጆቹ ብቻ አይፈረድም። የተጫዋች ሥራ በአደባባይ በዐይን ይታያል፤ የስፖርት መሪ ሥራ ግን በደብዳቤና በቃለ ጉባኤ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ከተጫዋችነት ተነሥተው አሠልጣኝ፥ ከአሠልጣኝነትም አልፈው የአንድ ክፍለ ዓለም የስፖርት መሪ ስለ ሆኑት ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ወይም ስለ ምሩጽ ይፍጠር ቢጽፉ የሚመርጡ ይኖሩ ይሆናል። ስለ እነርሱ ግን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እኚህ ሰው ግን ከኳስ ወዳጆች ክበብ ውጭ ብዙ ሲነገር አይሰማም።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ/ም በዘመን መለወጫ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በቅኔ አዋቂነታቸውና በጨዋታቸው የታወቁ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የቀደሙ ሰው ነበሩ። ልጁ የአባቱን የዘፈን ሙያ አልያዘም፤ ነገር ግን የአባትየው አንደበት ወደ ልጁ ሳይተላለፍ አልቀረም ለማለት የሚያስደፍር ነገር ኋላ በጉባኤዎች ላይ ታይቷል።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። በዚያን ዘመን በዚያ ትምህርት ቤት የፈረንሳይ ቋንቋ በሰፊው ይሰጥ ነበር፤ ይህም ነገር ለጊዜው የተማሪ ድካም ቢመስልም፥ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከዳካር እስከ ያውንዴ ካሉ የስፖርት ሹማምንት ጋራ ያለ አስተርጓሚ ለመነጋገር በር የከፈተ ነው። (የውጭ ቋንቋ ትምህርት ለምን ይረባል ብለው ለሚያጕረመርሙ የክፍል ጓደኞቻችን ይህን ብንነግራቸው ክፉ አይደለም።)

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ/ም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው በአራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ መሠረቱ። ጊዜው ምን ጊዜ እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። የኢጣልያ ጦር ወሰን ጥሶ ገብቶ አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ከአምስት ወር በኋላም አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ይድነቃቸው በዚያን ጊዜ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ፋሺስቶች በሁሉም ነገር ነጭና ጥቍርን የሚለይ ሕግ አውጥተው ስለ ነበር፥ ኳስ ጨዋታውም ከዚህ አላመለጠም። ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንደ ነበረ የክለቡ ታሪክ ይናገራል። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልን። ይድነቃቸው ኋላ በዕድሜያቸው ሁሉ በስፖርት ውስጥ የዘር ልዩነትን ሲቃወሙ በወረቀት ላይ ያነበቡትን ሳይሆን በልጅነታቸው በሜዳ ላይ የቀመሱትን ይናገሩ ነበርና።

ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ/ም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። በ1936 ዓ/ም በተደረገው የመጀመሪያ የሊግ ውድድር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ፥ እነዚህም በአዲስ አበባ የነበሩትን ልዩ ልዩ ማኅበረ ሰቦች የሚወክሉ ነበሩ። አራራት የአርመኖች፥ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፥ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፥ አንዱም የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ የኢትዮጵያውያን ነበር። በዚያን ዓመት ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ አሸናፊ የሆነው በ1942 ዓ/ም ነው። ይድነቃቸው በዚህ ክለብ ማሊያ 23 ዓመት ተጫውተው በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቧል። በብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ከአንድ ክለብ ወደ ሌላ ክለብ በየዓመቱ መዘዋወር በተለመደበት በዛሬው ጊዜ 23 ዓመት በአንድ ማሊያ መቈየት የተረት ያህል ይመስላል።

ደግሞም ይህን ሁሉ የሠሩት ተጫዋች ብቻ ሆነው አይደለም። በዚያን ጊዜ የስፖርት ሥራ ገና ጀማሪ ስለ ነበረ አንድ ሰው ብዙ ሥራ ይይዝ ነበር፤ ጠዋት ጸሐፊ፥ ከሰዓት በኋላ ተጫዋች፥ ማታ ደግሞ አሠልጣኝ መሆን አያስደንቅም ነበር። አቶ ይድነቃቸው በፌዴሬሽኑ ሥራ ውስጥ ገብተው ሲያደራጁ፥ በኦሊምፒክ ኮሚቴውም ለረጅም ዓመታት ዋና ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1952 የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር የፊፋ አባል ሆነች። በ1956 ደግሞ ሯጮችና ብስክሌተኞች ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ተገኘች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ፥ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ/ም፥ አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የማራቶንን ወርቅ አመጣ። አበበን ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው፤ ይህ ክብር የእሳቸው ነው። ነገር ግን አትሌቱ በመነሻው መሥመር ላይ ከመቆሙ አስቀድሞ አገሪቱን በመዝገብ ያስገባ፥ ስም ዝርዝር የላከ፥ ማመልከቻ የጻፈ ቢሮ መኖር አለበት። ያን ቢሮ ከመሠረቱት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ/ም በካርቱም ከተማ የአራት አገሮች መልእክተኞች ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። አገሮቹ ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ መካከል አቶ ይድነቃቸው ይገኛሉ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ነበር፤ ጋና ነፃ የወጣችው ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከመቋቋሙ ስድስት ዓመት አስቀድሞ አፍሪካውያን በኳስ ምክንያት አንድ ማኅበር ማቆማቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም ተዘጋጅቶ አራቱ አገሮች እንዲጋጠሙ ተወሰነ። በግማሽ ፍጻሜው የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ ግን የምናመጣው ቡድን ወይ ነጮች ብቻ የሆኑበት ነው፥ ወይም ጥቍሮች ብቻ የሆኑበት ነው፤ የተቀላቀለ ቡድን የአገሬ ሕግ አይፈቅድም የሚል አሳብ አቀረበ። ሌሎቹ ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች።

እንግዲህ ይህ ውሳኔ በአነጋገር ቀላል ይመስላል። ከአራት ተወዳዳሪ አንዱን ማስወጣት ግን ገና በተወለደ ውድድር ላይ ትልቅ ጕዳት ነበር። ኢትዮጵያም ሳትጫወት በቀጥታ ለፍጻሜ ደርሳ የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋራ ተጋጠመች። ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው ኤል ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድር ኢትዮጵያ በግብፅ እንደገና 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከሦስት ቡድኖችም ሦስተኛ ሆና ተመለሰች። ሰው በዚህ ተስፋ ቢቈርጥ አይፈረድበትም ነበር።

ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በጥር ወር 1954 ዓ/ም ተዘጋጀ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ተጫዋቾቹ ከልዩ ልዩ ክፍል የተውጣጡ ነበሩ፤ ከአሥመራ የመጡት ወንድማማቾቹ ሉቻኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስም መንግሥቱ ወርቁ ይገኙባቸዋል። አምበሉ ሉቻኖ ነበር። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በመካከሉ ጥምቀት ሆነ። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚካኤልን በዓል ውሎ፥ በማግሥቱ እሑድ ጥር 13 ቀን ወደ ስታዲየሙ ጐረፈ።

ተጋጣሚዋ ያችው ግብፅ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች የወሰደች ስለ ሆነች ሦስተኛውን ልትደግም መጥታለች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የተባለው አጥቂ አስቈጠረ። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገች፤ ሕዝቡ ከደስታው ሳይረጋ በሚቀጥለው ደቂቃ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አገባ። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። በሁለት ውድድር ስምንት ጎል ያስተናገደች አገር ያንኑ ባላጋራዋን 4 ለ 2 አሸነፈች። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ በእጃቸው ሰጡ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

በዚህ ቡድን ውስጥ አንድ የምናደንቀው ነገር አለ። ሉቻኖና ኢታሎ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። አሠልጣኙ በኢጣልያኖች የዘር ሕግ ሥር ኳስ የተማረ ሰው ነው። ጠላት ከሄደ ገና 20 ዓመት ከጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። የአምበልነቱ ክንድ ማሰሪያ ግን በሉቻኖ ክንድ ላይ ነበረ። በካርቱም የተነገረው ቃል በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ በሥራ ተተረጐመ ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ የይድነቃቸው ሥራ ከሜዳው ወደ ጉባኤው አዳራሽ አለፈ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ፊፋ በ1966 በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ሲደለድል፥ 10 ለአውሮፓ፥ 4 ለደቡብ አሜሪካ፥ 1 ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ ሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፥ እስያና ኦሺያኒያ ተጋጥመው እንዲካፈሉ አዘዘ። ማለት፥ አንድ የአፍሪካ አገር አፍሪካን በሙሉ ቢያሸንፍም እንኳ ገና ከእስያ አሸናፊ ጋራ መግጠም ነበረበት። የጋና የስፖርት ዲሬክተር የነበሩት ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይህን ፍርደ ገምድልነት ነው ብለው ተቃወሙ። ደብዳቤ ጻፉ፤ ተከራከሩ። ሰሚ ሲጠፋ የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከውድድሩ እንዲወጡ ተደረገ፤ የወጡትም 15 ነበሩ። ፊፋ የገንዘብ መቀጮ ጣለባቸው። ቦታዋንም ሰሜን ኮርያ ወሰደችና ኢጣልያን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች፤ ትንሽ አገር ዕድል ብታገኝ ምን ልትሠራ እንደምትችል ያሳየ ነገር ስለ ሆነ፥ የአፍሪካን ክርክር ያለ ዐዋጅ አገዘው።

ፊፋም ብዙ አልቈየም። ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራስዋ የሆነች አንዲት ቦታ ተሰጣት፤ ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። ዛሬ በ2026 ለሚደረገው ውድድር አፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታ የተመደበላት በዚያች በአንዲት ቦታ ተጀምሮ ነው።

ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ የትርፉን ብቻ ሳይሆን የኪሳራውንም መዝገብ መክፈት አለበት። በ1966 መንግሥቱ ወርቁና የዕድሜ እኩዮቹ በጕብዝናቸው ዘመን ነበሩ። የጋና ቡድን በ1963ና በ1965 ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደ ብርቱ ቡድን ነበር። እነዚህ ተጫዋቾች ሌሎች እንዲሄዱ መንገድ ከፈቱ እንጂ እነርሱ አልሄዱም። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ የመሪ ዕድሜ ግን ረጅም ነው። መሪው በሚቀጥለው ጉባኤ ሊክስ ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን 25 ዓመቱን ሁለት ጊዜ አያገኘውም። እኛ በበኩላችን ውሳኔው ትክክል ነበር እንላለን፤ ሆኖም ዋጋውን የከፈሉት በአዳራሽ የተቀመጡት እንዳልነበሩ መዘንጋት አይገባም።

አቶ ይድነቃቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል፥ በ1971 ደግሞ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በ1964 ዓ/ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አራተኛው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሁለቱ ግብፃውያን፥ አንዱ ሱዳናዊ ነበሩ። በዚህ ሥልጣን ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት ቈይተዋል። ተመርጠው ሁለት ዓመት ሳይሞላ በአገራቸው አብዮት ፈነዳ፤ ንጉሣዊው መንግሥት ወርዶ ደርግ መጣ። ብዙ ትልልቅ ስሞች በዚያ ዘመን ሲጠፉ የእሳቸው ወንበር አልተነቃነቀም። በ1968 ዓ/ም የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተደርጎ ሞሮኮ አሸነፈች፤ ባለቤቷ ኢትዮጵያ ግን ከመጀመሪያው ዙር አላለፈችም።

በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን የተደረገውን ሁሉ ብንዘረዝር መጽሔቱ አይበቃንም። በ1975 በአውሮፓ አቈጣጠር የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች የክለቦች ውድድር ተጀመረ። በ1974 በፍራንክፈርት በተደረገው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ዣኦ አቬላንዥ እንግሊዛዊውን ስታንሊ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ክብደት ነበረው፤ የ1982ቱ የዓለም ዋንጫም ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች። በዚያው ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካሜሩንም ሦስቱንም ግጥሚያዋን አቻ ወጥታ ሳትሸነፍ ተመለሰች።

ከሁሉ ይልቅ የደከሙበት ግን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። ፊፋ በ1961 ደቡብ አፍሪካን አግዶ ነበር። በ1963 በስታንሊ ራውስ ግፊት እገዳውን አነሣ፤ በ1964 በቶኪዮ ጉባኤ የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተባብረው እገዳውን መልሰው አስጣሉ። በመጨረሻም በ1976 በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጨርሳ ተባረረች። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ከካርቱሙ ውሳኔ እስከ ሞንትሪያል 19 ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በየጉባኤው እየተነሡ ያንኑ ነገር ደጋግመው ከተናገሩት ሰዎች የፊተኛው ይድነቃቸው ነበሩ። አንዳንዶች ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉም ይሏቸው ነበር። አንድን ተጫዋች በቈዳው ቀለም ከቡድን ማስወጣት ራሱ ፖለቲካ መሆኑን ግን የሚናገሩት ጥቂቶች ነበሩ።

በዚያው በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ጊዜ፥ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ሳይወዳደሩ ቀሩ። በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ከነዝግጅቱ ቀረ። አራት ዓመት ታግሦ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ማግኘቱ የእሱ ብርታት ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ ምሩጽ አራት ዓመት ለመታገሥ ዕድሜ ያልበቃው ሯጭ በየአገሩ አልጠፋም።

ሌላው ብዙ ያከራከረው ነገር በውጭ አገር ስለሚጫወቱ አፍሪካውያን የነበራቸው አቋም ነው። ከ1965 ጀምሮ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አንድ ቡድን ከውጭ አገር ክለቦች ከሁለት ተጫዋች በላይ እንዳያሰልፍ የሚል ደንብ ነበረ። ይድነቃቸው የዚህ ደንብ ዋና ደጋፊ ነበሩ። አሳባቸው እንዲህ ነው፤ የአውሮፓ ክለቦች የአፍሪካን ልጆች እየወሰዱ የሚጫወቱ ከሆነ፥ የአፍሪካ ክለቦች ባዶ ይቀራሉ፤ ሕዝቡም የገዛ ልጆቹን በሬዲዮ ብቻ ይሰማቸዋል። ስለዚህ በአገሩ ሜዳ የሚጫወተው ሰው ቦታውን እንዳያጣ መጠበቅ አለበት። እንደዚሁም የአፍሪካ ውድድሮች በሲጋራና በአልኮል ማስታወቂያ ገንዘብ እንዳይካሄዱ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር።

ስለ ሲጋራው የሚከራከራቸው ያለ አይመስለንም። ስለ ተጫዋቾቹ ግን ነገሩ ወዲያና ወዲህ ነው። በአንድ ወገን፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ሊግ ግጥሚያ በሚታይበት ሰዓት ቤቱን የሞላውን ሕዝብ፥ በአገር ውስጥ ሊግ ግጥሚያ ቀን ደግሞ ባዶውን ወንበር ያየ ሰው፥ የፈሩት ነገር እንደ ደረሰ ይመሰክራል። በሌላ ወገን ግን፥ ከድኻ ቤት የወጣ ልጅ በእግሩ ወላጆቹን ለመጦር ሲሄድ ቅር የሚለው ማን ነው? ደንቡ በ1982 ተሻረ። አሁን የአፍሪካ ታላላቅ ቡድኖች የሚሰለፉት በአብዛኛው ከአውሮፓ ክለቦች በሚመጡ ተጫዋቾች ነው። ጥያቄውን ግን ይድነቃቸው ከጠየቁት ወዲህ በደንብ የመለሰው ሰው አላየንም።

የመሪነታቸውን ጠባይ በአጭሩ እንግለጽ ብንል፥ የሚያስደንቀው ሥልጣናቸው ሳይሆን ትዕግሥታቸው ነው። የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን በዚያን ጊዜ ገንዘብ አልነበረውም፤ ጦር የለው፥ ፍርድ ቤት የለው፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነበር። ከ30 እና ከ40 የሚበልጡ አገሮች፥ አንዱ ፈረንሳይኛ አንዱ እንግሊዝኛ አንዱ ዓረብኛ የሚናገር፥ አንዱ ለምሥራቁ አንዱ ለምዕራቡ ያደላ፥ በአንድ አሳብ ድምፅ እንዲሰጡ ማድረግ በሜዳ 318 ጎል ከማግባት የሚቀል አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ክበብ የመራ ሰው ይህን ያውቀዋል። የአራት ክፍሎችን ቡድን በአንድ መርሐ ግብር ማስማማት እንኳ ስንት ጭቅጭቅ እንዳለበት የስፖርት መምህራችንን መጠየቅ ይበቃል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በአዲስ አበባ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ/ም በደብረ ታቦር ዕለት ዐረፉ። በእንቍጣጣሽ ተወልደው በቡሄ መሞታቸው ነው፤ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ከ11 ወር ነበር። ለጊዜው ወንበሩን የያዙት ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ሲሆኑ፥ ቀጥሎ ካሜሩናዊው ኢሳ ሐያቱ ተመረጡ።

ደቡብ አፍሪካ የዘር ሕጎችዋን ካፈረሰች በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች። በጥር ወር 1988 ዓ/ም የአፍሪካ ዋንጫን በራስዋ አገር አዘጋጅታ፥ በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዋንጫውን ኔልሰን ማንዴላ ባሉበት የተቀበለው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነው፤ ሁለቱን ጎሎች ያገባው ማርክ ዊልያምስ ነጭ አይደለም። በ1949 ዓ/ም በካርቱም የአገሬ ሕግ አይፈቅደውም የተባለው ቡድን ይህ ነበር።

ኢትዮጵያ ደግሞ ከ31 ዓመት መለየት በኋላ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2005 ዓ/ም ነው፤ አዘጋጅዋም ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የመጀመሪያው ግጥሚያ በኔልስፕሩት ከተማ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋራ ሆነ። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ የአዲስ አበባው ፍጻሜ ከተደረገ ልክ 51 ዓመት። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ስለ ወጣ ቡድኑ ዐሥር ሰው ሆኖ ተጫወተ፤ ዛምቢያም ቀድማ አስቈጠረች። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ ግጥሚያው 1 ለ 1 አለቀ።